የሒሳብ መምህሩ የዓለም ሻምፒዮን፦ ስለ ዶክተር ማክስ ኧዌ የቼዝ ሕይወትና አጨዋወት

(አምስተርዳም ውስጥ፣ ወላጆችና ቼዝ የሚማሩ ልጆቻቸው በተገኙበት የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ከፊት ተደርድራችሁ የተቀመጣችሁ ልጆቼም፣ እንደምን ዋላችሁ? ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ወር እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ ልጄ ቼዝ ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ ከትምህርቱ እንዳያዘናጋው እፈራለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በቆምኩበት የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበርና ቤቴ ከገባሁ በኋላም አላረካኝም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለእሳቸው የሚገባው የተሟላ መልስ እንዲሆን ነው። መልሴም አንድ ሰው ናቸው። ዛሬ የዚህች ከተማ አካል በሆነው በዋተርግራፍስሜር በ1901 ተወልደው፣ እዚሁ ተምረውና አስተምረው፣ በ1981 እዚሁ ያረፉት፣ ሆላንድ እስከ ዛሬ ያፈራቻቸው ብቸኛው የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን፣ ዶክተር ማክስ ኧዌ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ስማቸውን መጀመሪያ የሰማሁበትን ቀን አልረሳውም። ወደዚህ አገር በመጣሁበት የመጀመሪያ ክረምት፣ ቋንቋውም ሰውም እንግዳ በሆነብኝ ጊዜ፣ ሌይድሰፕሌን አጠገብ ካለች አንዲት አደባባይ ደረስኩ። መሬቱ ላይ ትልቅ የቼዝ ሰሌዳ ተነጥፏል፤ የአንድ ሕፃን ልጅ ቁመት የሚያህሉ ንጉሦችና ፈረሶች ቆመዋል፤ ሽማግሌዎች በዝምታ ከበው ያያሉ። አንድ አዛውንት በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና ተጋጠምን። አንድም ቃል ሳንለዋወጥ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትን። ተሸነፍኩ፤ ግን በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር የተነጋገርኩ ያህል ተሰማኝ። ስንጨርስ አዛውንቱ ወደ ግድግዳው ጽሑፍ አመለከቱ፤ የአደባባዩ ስም ነበር፤ ማክስ ኧዌ አደባባይ። ቀጥሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «መምህር» አሉኝ። እኔም አገሬ ሳለሁ ደሴ ውስጥ ለዓመታት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ «መምህር» የሚለው ቃል ልቤ ውስጥ ቀረ።

ስለ ሦስት ነገሮች ልናገር አስቤአለሁ። መጀመሪያ ስለ ሰውየው፣ ከዚያ ስለ ታላቁ የ1935 ግጥሚያ፣ በመጨረሻም ስለ አጨዋወታቸው እናገራለሁ። ሁለተኛው ላይ ብዘገይ ታገሡኝ፤ ሰው በደል ከፈጸመባቸው ታሪኮች አንዱ እሱ ነውና።

ከሰውየው ልጀምር። ማክስ ኧዌ ቼዝን በአራት ዓመታቸው ቤታቸው ውስጥ ነው የተማሩት። በ1921 የሆላንድ ሻምፒዮን ሆኑ፤ ከዚያ በኋላም እስከ 1952 ድረስ በተወዳደሩበት የአገሪቱ ሻምፒዮና ሁሉ አሸነፉ። በ1955 አንድ ጨምረው በጠቅላላው 12 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ይህንን ቁጥር እስከ ዛሬ የደረሰበት ሆላንዳዊ የለም። እስቲ አስቡት፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራቸው ቼዝ አልነበረም። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንተው በ1926 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ትዳር ያዙ፤ ከዚያም እዚሁ አምስተርዳም በሚገኝ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገብተው ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ። ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደው አሳደጉ። የዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች ካፓብላንካና አሌኪን ከአገር አገር እየዞሩ በቼዝ እንጀራቸውን ሲበሉ፣ ኧዌ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይወዳደሩ፣ ሲከፈት ጠመኔያቸውን ያነሡ ነበር። በ1930 መጨረሻ ተጀምሮ በ1931 መጀመሪያ በተጠናቀቀው የሄስቲንግስ ውድድር ካፓብላንካን ቀድመው አንደኛ የወጡት እንዲህ እየኖሩ ነው። ካፓብላንካ ማለት እኮ በዘመኑ የማይሸነፍ ይመስል የነበረ ሰው ነው!

ሒሳባቸውና ቼዛቸው በአንድ ቦታ ሲገናኙ ማየት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ልጆች፣ እጃችሁን አዘጋጁ። በዚያ ዘመን አንድ ደንብ ነበር፤ አንድ ዓይነት የእርምጃዎች ቅደም ተከተል ሳይቋረጥ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ጨዋታው በአቻ ያልቃል ይላል። የደንቡ ዓላማ ጨዋታ ማለቂያ እንዳያጣ ለመከላከል ነው። ዶክተር ኧዌ በ1929 ባሳተሙት የሒሳብ ጽሑፍ ይህ ደንብ እንደማይበቃ አረጋገጡ። እንዴት? ተከተሉኝ። አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። አሁን ያደረጋችሁትን ገልብጣችሁ ጨምሩበት፤ ጭብጨባው የእግር ምት ይሆናል፤ ጭብጨባ፣ ምት። አሁንም ያላችሁን ሁሉ ገልብጣችሁ ጨምሩ፤ ጭብጨባ፣ ምት፣ ምት፣ ጭብጨባ። እንደገና፤ ጭብጨባ፣ ምት፣ ምት፣ ጭብጨባ፣ ምት፣ ጭብጨባ፣ ጭብጨባ፣ ምት። በዚህ መንገድ እስከ ዘለዓለም ብትቀጥሉ፣ የትኛውም ክፍል ተከታትሎ ሦስት ጊዜ አይደገምም! ጭብጨባው አንድ የፈረስ ምልልስ፣ ምቱ ሌላ የፈረስ ምልልስ ቢሆን፣ ሁለት ሰዎች ደንቡን ሳይጥሱ ለዘለዓለም ሊጫወቱ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ባስተማርኩበት ቀን ጫጫታው ከጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ክፍል ትምህርቱን የረሳ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እናቴ ሆይ፣ እርስዎ የጠየቁኝ እናት፣ ቼዝና ትምህርት በአንድ ራስ ውስጥ ሲኖሩ ምን እንደሚወልዱ አዩልኝ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሻገር።

የዓለም ሻምፒዮኑ አሌክሳንደር አሌኪን ነበሩ። በአጥቂነታቸው፣ በሐሳባቸው ጥልቀትና በኃይለኛነታቸው አቻ አልነበራቸውም ቢባል አልተጋነነም። በ1935 ጥቅምት ወር መጀመሪያ ላይ ከመምህሩ ጋር ለ30 ጨዋታዎች ግጥሚያ ተቀመጡ። ግጥሚያው እዚሁ ሆላንድ ውስጥ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ከአሥር በሚበልጡ ቦታዎች ተካሄደ። ሻምፒዮኑ ይሸነፋሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነበር፤ አጀማመሩም ይህንኑ ግምት ያጸና መሰለ። ከ7 ጨዋታዎች በኋላ አሌኪን 5 ለ 2፣ ከ9 ጨዋታዎች በኋላ ደግሞ 6 ለ 3 ይመሩ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ምን ያደርግ ነበር? ኧዌ ግን 10ኛውን፣ 12ኛውን፣ 14ኛውን አሸነፉና 7 እኩል ሆኑ። አሌኪን እንደገና አመለጡ፤ ከ19ኛው በኋላ 10½ ለ 8½ ሆነ። ኧዌ 20ኛውንና 21ኛውን ተከታትለው አሸነፉና ዳግም ደረሱባቸው። ሦስት አቻዎች ተከተሉ፤ 12 እኩል። 25ኛውን ኧዌ አሸነፉ፤ በግጥሚያው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መሩ። 26ኛውንም ደገሙ። አሌኪን 27ኛውን ቢወስዱም የቀሩት ሦስቱ በአቻ አልቀው፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ኧዌ በ15½ ለ 14½ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ዘጠኝ አሸነፉ፣ ስምንት ተሸነፉ፣ አሥራ ሦስት አቻ ወጡ።

ታዲያ በደሉ ምንድን ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነሣ «አሌኪን ይጠጡ ስለነበር ነው» ይላል። አሌኪን መጠጥ ይወዱ እንደነበር እውነት ነው። በኤርሜሎ ለተካሄደው ለ21ኛው ጨዋታ ሰክረው መጡ እየተባለም ይተረካል። ግን ልጠይቃችሁ፤ ዘጠኝ ጨዋታ ጠርሙስ ያሸንፋል? ስድስት ለሦስት ሲመሩ የነበሩት እኒያው አሌኪን አልነበሩም? ከ21ኛው በኋላ ባሉት ስድስት ጨዋታዎች ሦስት አቻ አውጥተው አንድ ያሸነፉትስ እኒያው አይደሉም?

ደሴ ሳስተምር አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ቤታቸው መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ታጠና ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። ያን ጊዜ የሰማሁት ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ «ጎበዙ ልጅ ታሞ ስለነበር ነው እንጂ» ተባለ። ልጁ ታሞ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ያንን ወረቀት ጥያቄ በጥያቄ ያረምኩት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱን መልስ የሠራችው እሷ ናት። የዶክተር ኧዌን ነገር ሳነሣ ያቺ ልጅ ሁሌም ፊቴ ላይ ትመጣለች።

እኔ የማምነው ወረቀቱን ነው፤ ማለትም ጨዋታዎቹን። ኧዌ ከአሌኪን ጋር ባደረጉት የመጀመሪያ ግጥሚያ፣ በ1926 እና 1927 መካከል አሥር ጨዋታ ተጫውተው የተሸነፉት በ5½ ለ 4½ ብቻ ነው። በ1934 ዙሪክ ላይ አሌኪንን በቀጥታ አሸንፈዋቸዋል። ለ1935ቱ ግጥሚያ ደግሞ መክፈቻዎችን፣ ማለትም የጨዋታ አጀማመሮችን፣ በጥልቀት አጠኑ፤ ሠላሳ ጨዋታ ሰውነትንም እንደሚፈትን አውቀው ይዋኙና የሰውነት እንቅስቃሴ ያዘወትሩ ነበር። ይህ ድንገተኛ ዕድል ይመስላል?

ወረቀቱን ከሁሉ በላይ የሚመሰክረው 26ኛው ጨዋታ ነው፤ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በዛንድፎርት ስለተደረገ «የዛንድፎርት ዕንቁ» ይባላል። ኧዌ ነጭ ነበሩ። አሌኪን የመረጡት መከላከያ ስሙ «የሆላንድ መከላከያ» ነው፤ የባላጋራቸውን አገር ስም የያዘ። በ21ኛው እርምጃ ኧዌ ፈረሳቸውን ኤፍ5 ወደሚባለው የሰሌዳ ቤት ልከው ወታደር በሉ፤ በዚህም ሲ3 ላይ ያለውን ጳጳሳቸውን ለአሌኪን ተዉት። አሌኪን ጳጳሱን ወሰዱ። ያ ፈረስ ግን አላረፈም፤ ወደ ዲ6 ገብቶ ሁለተኛ ወታደር ሲበላ ንግሥቲቱን አስፈራራ፤ ንግሥቲቱ ስትሸሽ ወደ ኢ4 ተሻግሮ ሦስተኛ ወታደር በላ። አንድ ጳጳስ ሰጥተው ሦስት ወታደር ወሰዱ ማለት ነው። በሒሳቡ እኩል ነው። በሰሌዳው ላይ ግን በመሐል ሜዳ የተሰለፉት የኧዌ ወታደሮች ተያይዘው መገስገስ ጀመሩ፤ እንደ ክረምት ጎርፍ የሚያቆማቸው ጠፋ፤ በ47ኛው እርምጃ አሌኪን እጅ ሰጡ። ሁለቱ እኩል ተጠጋግተው ባሉበት፣ ዘውዱ ሊወሰን አምስት ጨዋታ በቀረው ሰዓት፣ ጳጳስን ያህል ነገር ሰጥቶ ወታደሮችን የሚያምን ሰው ድፍረቱን ከየት አመጣው? ከስሌት ነው። ይህን ጨዋታ የማንም ስካር አልጻፈውም።

ኧዌ በጭራሽ ከአሌኪን የላቁ ነበሩ ብዬ ግን አልከራከርም። በ1937 በተደረገው የመልስ ግጥሚያ አሌኪን መጠጥ ትተው፣ ታጥቀው መጡና በ15½ ለ 9½ ዘውዱን አስመለሱ። ያን ጊዜ የተሻሉት እሳቸው ነበሩ፤ ኧዌም ይህን ለመቀበል አልተቸገሩም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እለምናችኋለሁ። አሌኪን ራሳቸው ከካፓብላንካ ላይ ዘውዱን በ1927 ከወሰዱ በኋላ፣ ካፓብላንካ እስኪሞቱ ድረስ የመልስ ግጥሚያ አላገኙም። ኧዌ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ቃላቸውን ጠብቀው ለአስፈሪው ባላጋራቸው ተቀመጡ። እኛ ልጆች ሳለን በቆርኪ ቼዝ እንጫወት ነበር፤ የተሸነፈ ልጅ «ድገመኝ!» ይላል። አንዳንዱ አሸናፊ ቆርኪውን ጠራርጎ ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ሌላው ደግሞ ቆርኪዎቹን መልሶ ይደረድራል። ኧዌ ቆርኪውን መልሰው የደረደሩ ሰው ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነው በአጭሩ ልለፍ። በ1946 ግሮኒንገን ላይ ከሶቪየቱ ተጫዋች ከቦትቪኒክ በግማሽ ነጥብ ብቻ ተበልጠው ሁለተኛ ወጡ። አሌኪን በዚያው ዓመት ስላረፉ ዘውዱ ባለቤት አጥቶ ነበርና፣ በ1948 አምስት ሰዎች በሄግና በሞስኮ ተወዳደሩ፤ ኧዌ ከ20 ጨዋታ 4 ነጥብ ብቻ አግኝተው መጨረሻ ወጡ። ይህ ለሚወዳቸው ሰው ማንበብ የሚያሳዝን ነው። ቢሆንም መጫወታቸውን አልተዉም።

ሦስተኛው፣ አጨዋወታቸው። ብዙ ጊዜ «ሒሳብ መምህር ስለሆኑ ደረቅ ነበሩ» ሲባል እሰማለሁ። ጨዋታዎቻቸውን ያላየ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ሊል አይችልም። በእርግጥ መሠረታቸው ሥርዓት ነው። ስለ መክፈቻ የነበራቸው ዕውቀት በዘመናቸው ተወዳዳሪ አልነበረውም ለማለት ይቻላል፤ ከሰባ በላይ የቼዝ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ የኋላ ትውልድ ታላላቅ ተጫዋቾችም ከእነዚያ መጻሕፍት ተምረዋል። ነገር ግን ሥርዓታቸው ለጦርነት የሚያዘጋጃቸው ስንቅ ነበር እንጂ መደበቂያ አልነበረም። አቀማመጡ ጥቃት ሲጠይቅ ያጠቃሉ፤ መሥዋዕት ሲጠይቅ ይሰጣሉ፤ የሚሰጡትም አስልተው ነው። ጉድለታቸውንም ልሸሽግ አልፈልግም፤ ለሰዓታት በትክክል ካሰሉ በኋላ በአንድ እርምጃ የሚታይ ነገር የሚያልፋቸው ጊዜ ነበር። ቀን ክፍል ውስጥ ቆሞ ውሎ ማታ ሰሌዳ ላይ የሚቀመጥ ሰው ድካም ይመስለኛል፤ ይህ የራሴ ግምት ነው።

ለአጨዋወታቸው ምስክር ከዛንድፎርት ቀጥሎ የምጠራው በ1953 ዙሪክ ላይ የተደረገውን ነው። ኧዌ 52 ዓመታቸው ነው፤ ባላጋራቸው የሶቪየቱ ጌለር ወጣትና አስፈሪ አጥቂ ነው። ጌለር በነጭ ሆኖ የንጉሣቸውን ምሽግ ሰብሮ ንግሥቱን እስከ በሩ አደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ንጉሡን ለማዳን ሁሉን ይሰበስባል። ኧዌ ጥቃቱን ወደ ውስጥ እያስገቡት፣ ከሰሌዳው ሌላ ጫፍ የራሳቸውን ጥቃት ሲያዘጋጁ ቆይተው ነበር። በ22ኛው እርምጃ አንድ የማይታመን ነገር አደረጉ፤ ጌለር ከዚያ በኋላ አራት እርምጃ ብቻ ቆይቶ እጅ ሰጠ። ያችን እርምጃ አሁን አልነግራችሁም። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ያለ እሱ ሰውየው ሙሉ አይሆኑልኝም። በ1957 ኒውዮርክ ላይ ከአንድ የ14 ዓመት ልጅ ጋር ሁለት ጨዋታ ተጫወቱ፤ አንዱን አሸነፉ፣ በአንዱ አቻ ወጡ። ልጁ ቦቢ ፊሸር ይባላል። ከ15 ዓመት በኋላ፣ ኧዌ በ1970 የተመረጡበትን የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ይዘው ሳለ፣ ያው ልጅ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከሶቪየቱ ስፓስኪ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሊጋጠም አይስላንድ፣ ሬይኪያቪክ በቀጠሮው ሳይደርስ ቀረ። ደንቡ ምሕረት አልነበረውም። ፕሬዚዳንቱ ግን ጨዋታውን በሁለት ቀን አራዘሙት። ሶቪየቶች በቁጣ ተቃወሙ። ዶክተር ኧዌ ምን አደረጉ? ደንቡን መጣሳቸውን በጽሑፍ አመኑ! በሥልጣን ላይ ያለ ሰው «አዎ፣ ደንቡን ጥሻለሁ» ብሎ ፊርማውን ሲያኖር ስንት ጊዜ አይታችኋል? ፊሸርም መጣ፤ የዘመኑ ታላቅ ግጥሚያም ተደረገ። በ1975 ያው ፊሸር ከአዲሱ ተፎካካሪው ከካርፖቭ ጋር ለመጫወት ያቀረባቸው ጥያቄዎች በሙሉ ተቀባይነት ባላገኙ ጊዜ ግን ዘውዱ ለካርፖቭ አለፈ፤ ያን ጊዜም ፕሬዚዳንቱ እሳቸው ነበሩ። እስከ 1978 ባገለገሉባቸው ዓመታት ቼዝ ሥር ባልሰደደባቸው አገሮች እየዞሩ አዳዲስ ፌዴሬሽኖችን ወደ ማኅበሩ አስገቡ። መምህርነቱም አልተለያቸውም ነበር፤ ከ1964 ጀምሮ ገና አዲስ በነበረው በኮምፒውተር ዘርፍ ፕሮፌሰር ሆነው አስተምረዋል።

እናቴ፣ ልጅዎ ቼዝ ይዞ ሲቀመጥ አይፍሩ። የቤት ሥራውን አስቀድመው ያሠሩት፤ ከዚያ ሰሌዳውን ይስጡት። ከቻሉም አብረው ይቀመጡ።

ልጆች፣ አሁን ወደ ኋላ ዙሩ። በስድስቱ ጠረጴዛዎች ላይ የደረደርኩት አቀማመጥ ያ የዙሪኩ ነው። የጌለር ንግሥት ከጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ቆማለች፤ ዶክተር ኧዌ 22ኛ እርምጃቸውን ሊጫወቱ ነው። ወላጆችም ወንበራችሁን ይዛችሁ ከልጆቻችሁ ጎን ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ አላችሁ፤ ማንም ለማንም አይንገር። ተራው የጥቁር ነው።